ለፋብሪካው ሁሉ አበልጅ

ለክቡር አቶ ቴዎዶሪኮ ሳልቫሌዮን፣
የጫማ ፋብሪካችን ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፣ የልጄ የአምቦይ የክርስትና አባት፣ ከማሪኪና ወንዝ ወዲህ ላለው ሰፈር እኩሌታ አበልጅ፤

ጉዳዩ፦ ስለ ቤተሰባዊ ፍቅርዎ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎና በቢሮዎ ውስጥ ያለ ዕረፍት ለሚያገለግለው የአየር ማቀዝቀዣዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ሳንባዎ ንጹሕ አየር አይጣ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እኔ በምሠራበት ክፍል የሚውል ሰው አየር ምን ያህል የከበረ ነገር እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ለወዳጁ ከዚህ የበለጠ ምርቃት አይመጣለትም።

ፍሎርዴሊሳ ኢላጋን እባላለሁ። በማጣበቂያ ክፍል፣ ከግድግዳው ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ሶልና ቆዳ በማስቲሽ የማጣብቅ ሠራተኛዎ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ “ሠራተኛ” የሚለው ቃል በግቢው ውስጥ ከተከለከለ ሰንብቷል፤ ቤተሰብዎ ነኝ ለማለት ነው። ይህን ደብዳቤ በፋብሪካው በርና በጸሎት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ላሳፍር ብዬ እንዳይመስልዎት። ቢሮዎ እየገባሁ ልናገር ሞክሬ፣ በገባሁ ቁጥር አመስግኜዎት እየወጣሁ ስለተቸገርኩ ነው። በጽሑፍ እንኳ ምናልባት ሳላመሰግን እጨርስ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እነሆ ገና ከጉዳዩ ጀምሮ አመስግኜዎት ቁጭ አልኩ። ልማድ ክፉ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አመራር ጥበብዎ።

ድሮ ይቆጡን ነበር። ሲቆጡን ምሳ ሰዓት ላይ ተሰብስበን ደህና አድርገን እናማዎትና፣ ወጥቶልን ወደ ሥራችን እንመለስ ነበር። ባለፈው ዓመት እዚያ ትልቁ ሆቴል ውስጥ የአመራር ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ ግን ሌላ ሰው ሆነው መጡ። ቁጣው ቀረ። አሁን በጠረጴዛዎቻችን መሀል ቀስ ብለው እየሄዱ፣ ትከሻችንን ያዝ አድርገው “አበልጄ፣ የአምቦይ ጥርስ ወጣ?” ይላሉ። የልጁን ጥርስ እየጠየቀ የቆመን ሰው እንዴት አድርጎ ማማት እንደሚቻል የሚያስተምር ሥልጠና ለእኛ አልተዘጋጀልንምና፣ የነበረችን አንዲት መተንፈሻም በዚያው ተደፈነች።

“የቢሮዬ በር ለሁሉም ክፍት ነው” ማለትዎም አይዘነጋም። ለቃልዎ ታማኝ ሆነው በሩን ከነማጠፊያው አስነቅለው አስወገዱት፤ ዛሬ የጥበቃዎቹ ምሳ መብያ ጠረጴዛ ሆኗል። ታዲያ አቤቱታ ያለው ሰው ወደዚያ በር አልባ ቢሮ ለመድረስ ከስፌት ክፍል እስከ ማሸጊያ ያለውን አዳራሽ በሙሉ ማቋረጥ አለበት፤ ሲያቋርጥ የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ፤ ገብቶ የተናገረውንም ነገር፣ በር የለምና፣ ሁሉም ይሰማዋል። የሰውን ምስጢር በአደባባይ እያስለፈለፉ ‘ነፃነት ሰጠኋችሁ’ ማለት ትልቅ ችሎታ ነው። ሥልጠናው አልከሰረም።

ሁለተኛ፣ ስለ አበልጅነትዎ።

እውነቱን ለመናገር ይህን ገመድ የፈተልነው እኛው ነን። ልጅ ሲወለድልን ደህና ቦታ ያለ ሰው ክርስትና ያንሳልን ማለት ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። ጌታችን ልጃችንን ካነሳልን ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ስንታመም ያስበናል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ከበር አያስወጣንም አልን። እርስዎም የመጣን ሕፃን አልመለስም እያሉ የሁሉንም አነሱ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት እኛን ነው። እርስዎን በይሉኝታ ልናስር የወረወርነው ገመድ ዞሮ እኛው አንገት ላይ ገባ። የክርስትና ልጅ ያለው ሰው ለልጁ የክርስትና አባት “አይሆንም” አይልም። እሑድ ሥራ ግቡ ሲባል ለአበልጄ ብሎ ይገባል። ሂዱ ሲባል ግን የሚሄድበት የለውም።

በገና ለልጆቻችን ስለሚሰጧቸው ጫማዎችም ሳላመሰግን አላልፍም። ሱቆች ‘አንቀበልም’ ብለው የመለሷቸው መሆናቸውን የምናውቀው እኛው ስላጣበቅናቸው ነው። የሰፈሩ ልጆች አሁን የማን የክርስትና ልጅ እንደሆኑ መጠያየቅ አያስፈልጋቸውም፤ ተረከዙ ወደ ጎን የተንጋደደውን ሁሉ የአቶ ቴዎዶሪኮ ብለው ይለዩታል።

የአንዱ ጥበቃ ወንድም ማሸጊያ ክፍል ሲሠራ፣ “እኔ ልጅ የለኝም፤ ከሰውየው ጋር አበልጅም አይደለሁም፤ እሑድ አልገባም” ብሎ ነበር። እርስዎም በድምፅ ማጉያው “የአበልጄ አበልጅ አበልጄ ነው፤ ወንድሙማ እንዴት አይሆንም” ብለው ለሁላችንም አስረዱ። ወንድምየውም እሑድ ገባ። ያንን አባባልዎን በልቤ ይዤዋለሁ። በገናው ግብዣም ላይ፣ ሙሉ አሳማ ተጠብሶ በቀረበበት ፊት ብርጭቆዎን አንስተው “ከዚህ ቤት ቤተሰብ አይባረርም፤ ቃሌ ነው” ሲሉ ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ይህንንም ይዤዋለሁ። ሁለቱንም ወደ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ መስኮቶቹ።

አምና አውሎ ነፋሱ መጣ በተባለ ጊዜ የማጣበቂያ ክፍሉን መስኮቶች በጣውላ የመታናቸው ሁላችንም በአንድ ላይ ነበር። ወንዶቹ ጣውላ ተሸከሙ፣ እኛ ሚስማር አቀበልን፣ እርስዎ በእጅዎ ኑድል እያወጡ አበሉን። እንደዚያ ቀን ያለ መተባበር አይቼ አላውቅም፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። አውሎ ነፋሱ አለፈ፣ ውኃው ጎደለ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጣውላውን አንስቶ መስኮቱን ከፈተ። የእኛ ግን እንደተመታ ቀረ። ቢጠየቁ “ሌላ አውሎ ነፋስ ይመጣል” አሉ፤ እውነትዎን ነው፤ እዚህ አገር አውሎ ነፋስ መምጣት ትቶ አያውቅም። ቆይተው ደግሞ ነጫጩን የሙሽራ ጫማ አቧራ እንዳይነካው ነው አሉ። ሙሽሮቹ ይታደሉ።

ጣውላው ከቀረ ወዲህ ማስቲሹ መውጫ የለውም። ማለዳ ላይ ዓይን ያቃጥላል፤ ረፋድ ላይ አናት ይበጠብጣል፤ ከሰዓት በኋላ አንዷ ተነሥታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ደጅ ካለው የውኃ በርሜል አጠገብ ሄዳ ትቀመጣለች። እሷ ስትመለስ ሌላዋ ትተካለች። የሁላችን ታላቅ የሆኑት አቴ ሉሲንግ ቀልድ አያልቅባቸውምና “ልጆች፣ እኛ እዚህ የምናጣብቀው ጫማ እንዳይመስላችሁ፤ የገዛ ሳንባችንን ነው” ይሉናል። እንስቃለን። ስንስቅ ደግሞ ያስለናል።

እኔ ያን ጊዜ ድርስ እርጉዝ ነበርኩ። አንድ ቀን ሶሉ ከእጄ ወድቆ ጎንበስ ብዬ ላነሣው ስል ዓይኔ ጨለመ፤ ስነቃ ወለሉ ላይ ተጋድሜ አቴ ሉሲንግ በጫማ ካርቶን ክዳን ያራግቡልኛል። በማግሥቱ ቆርጬ ያንን አዳራሽ አቋረጥኩና ቢሮዎ ገባሁ። የሆነውን ያስታውሱታል፤ ለሌላው አንባቢ ስል ነው የምጽፈው። ገና “ሰር፣ ስለ መስኮቱ…” ከማለቴ “ምነው አበልጄ፣ በዚህ ሆድሽ ቆመሽ? ተቀመጪ እንጂ” አሉኝ። ተቀመጥኩ። “የአምቦይ ሳል እንዴት ሆነ?” አሉኝ። ተሽሎታል አልኩ። “ባልሽ ኔስቶርስ? ባለሦስት እግሯን ታክሲ ዛሬም በፋብሪካዬ በር ላይ ነው የሚያቆማት አይደል? ጥበቃዎቹን አበልጄ ነው፣ አትንኩት ብያቸዋለሁ” አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። ከመሳቢያዎ አንድ ቆርቆሮ ብስኩት አውጥተው በእጄ ካስያዙኝ በኋላ፣ “ይሄኛውንስ ማን ክርስትና ያነሣልሻል? ከእኔ ሌላ ስም እንዳልሰማ” አሉኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። አቴ ሉሲንግ በጉጉት “ምን አለሽ?” ቢሉኝ ቆርቆሮውን አሳየኋቸው። “በይ ክፈቺው፤ ውስጡ አየር ካለ ተራ በተራ እንተንፍስበት” አሉ።

አራተኛ፣ ስለ ማንግ ኤሜንግ።

ቆዳ ቆራጩ ማንግ ኤሜንግ ሚስት አላገቡም፣ ልጅ አልወለዱም፤ በዚህም የተነሣ በፋብሪካው ውስጥ ምላስ የቀረላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰኞ ጠዋት በሚያደርጉት የቤተሰብ ስብሰባ ላይ እንደ ልማድዎ “አስተያየት ያለው?” ሲሉ፣ እንደ ልማዳችን ጫማችንን ማየት ስንጀምር፣ ማንግ ኤሜንግ እጃቸውን አወጡ። “ሰር፣ መስኮቱን እንክፈተው። ሴቶቹ እየወደቁ ነው። መዶሻ ከቤት ይዤ መጥቻለሁ፤ ከምሳ በፊት እጨርሰዋለሁ” አሉ። ነገር አላበዙም።

እርስዎም አልተቆጡም፤ ሥልጠና ወስደዋልና። ወደ እኛ ዞር ብለው ለስለስ ባለ ድምፅ “አበልጆቼ፣ እውነት ተቸግራችኋል?” አሉ። ከዚያም እያንዳንዳችንን ከነልጃችን ስም እየጠሩ ጠየቁን። የሮዌና እናት፣ ተቸግረሻል? የቦንጆ አባት፣ አንተስ? የአምቦይ እናት፣ አንቺስ? የልጅን ስም ከፊት አስቀድሞ ለሚመጣ ጥያቄ ከ“ደህና ነን ሰር” ሌላ ምን መልስ አለው? ሁላችንም ደህና ነን አልን። ያን ጊዜ ፈገግ ብለው “አዩ ማንግ ኤሜንግ፣ የተቸገሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ምናልባት ይህ ቤት አልተስማማዎት ይሆናል” አሉ። በዚያው ሳምንት ‘ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራት አልቻለም’ ተብለው ወጡ። ለሁላችን ተናግረው ለብቻቸው ወጡ።

የስንብት ድግሱ ማማሩን አልክድም። ኬክ ነበረ፤ ዘፍነናል፤ ፎቶም ተነሥተናል። ማንግ ኤሜንግ ኬካቸውን ይዘው መሀል ቆመዋል፣ እኛ ዙሪያቸውን ከበን ጥርሳችንን አሳይተናል። ፎቶው በመግቢያው ላይ፣ “እዚህ ሠራተኛ የለም፤ ቤተሰብ እንጂ” ከሚለው ጽሑፍ ሥር ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ራሴን አየዋለሁ። ከሁሉ ሰፊ የሆነው ፈገግታ የእኔ ነው፤ ንድድ ብሎኝ እንደነበር ማንም አያውቅም።

አምስተኛ፣ ስለ ሴት ልጄ።

ሊዋይዋይ ተወለደች። ወደ ሥራ ተመለስኩ። አመሻሽ ላይ ቤት ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ፣ ጡቴን ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች። ማስቲሹ ይሸታታል። ሎሚ ብቀባ፣ በሳሙና ብፈገፍግ፣ ከቆዳዬ አልለቅ አለ። ርቧት እያለቀሰች ከእናቷ ጡት ፊቷን የምታዞር ልጅ ታቅፎ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለክቡርነትዎ በጨዋ ቋንቋ ልገልጸው ሞክሬ አቃተኝ፤ ስለዚህ እንዲያው አለቀስኩ ብዬ ልለፈው።

ይህ በሆነ ሰሞን ነው እርስዎ በድምፅ ማጉያው የልጄን የክርስትና ቀን ያበሠሩልኝ። ቀኑን የሰማሁት ማስቲሽ እየቀባሁ ነው። በማግሥቱ በፋብሪካው በር ላይ ትልቅ የሸራ ፖስተር ተሰቀለ፤ “ሊዋይዋይ፣ እንኳን ወደ ቤተሰባችን መጣሽ” የሚል ጽሑፍ፣ የእርስዎ ግዙፍ ፎቶ፣ ከታች ጥጉ ላይ ደግሞ የልጄ ፎቶ። ላያት የፈለገ ሰው ጎንበስ ማለት ነበረበት።

አዲሱ ቄስ ድሮ እንደነበረው የክርስትና አባት መደርደር ቀርቷል፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ብለዋል። እንግዲህ እርስዎ ካነሷት ሌላ ሰው አያነሣትም። እኔ ደግሞ ዞር ብዬ መውጫ ፈለግሁ። እምቢ ብል የበላችበትን ወጪት ሰባሪ እባላለሁ፤ የኔስቶርም ታክሲ ከበሩ ትነሣለች። ሥራ ልልቀቅ ብዬ ወንዝ ተሻግሮ ያለውን ጫማ ቤት ብጠይቅ፣ ባለቤቱ በትሕትና “እሱ እኮ አበልጄ ነው፤ ሰው ከአበልጁ ሰው አይነጥቅም” ብሎ ሸኘኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አልጠየቅሁም፤ እሱም የማን አበልጅ እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። እሺ ብል ደግሞ፣ ነገ ሊዋይዋይ ጥርስ ባወጣች ቁጥር እርስዎ ትከሻዬን ይዘው ይጠይቁኛል፣ እኔም ስለ መስኮቱ የጀመርኩትን ዋጥ አድርጌ አመሰግናለሁ፤ እሷም አድጋ እዚያው ጥግ፣ እዚያችው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥና ለልጇ የክርስትና አባት ትፈልጋለች። ያስጨነቀኝ ይኸው ነው። ለራሴማ ለምጄዋለሁ።

እንግዲህ ብዙ ጊዜዎን ወሰድኩብዎ። በቃልም ሆነ በጽሑፍ ያጎደልኩት አክብሮት ቢኖር ከማስቲሹ የተነሣ ነው ብለው ይቅር ይበሉኝ። ሥራ የመልቀቅ ሐሳብ እንደሌለኝ፣ ሰኞ ጠዋትም እንደ ወትሮው ጥጌን ይዤ እንደሚያገኙኝ በታላቅ ትሕትና አረጋግጣለሁ። የት እሄዳለሁ?

ከጣውላው ወዲህ ሆና እጅ የምትነሣዎ፣
አበልጅዎ ፍሎርዴሊሳ ኢላጋን

ግልባጭ፦
ለጸሎት ቤታችን ቄስ
ለአበልጆች በሙሉ፣ ባሉበት
ለማጣበቂያ ክፍል መስኮቶች

ሳልጠቅሰው እንዳይቀር፦ ሊዋይዋይ ዛሬ ቅዳሜ በማለዳው ቅዳሴ ተጠምቃለች። ቄሱ የወላጅ ፈቃድ እንጂ የአሠሪ ፈቃድ አልጠየቁንም። አቴ ሉሲንግ የክርስትና እናት ሆነዋል። የክርስትና አባትዋ ማንግ ኤሜንግ ናቸው። ለነገው የክርስትና ድግስ ያዘዙት አሳማ ግን እንዳይባክን ሁላችንም መጥተን እንበላለን፤ ፖስተሩንም አያውርዱት፣ ጽሑፉ አሁንም ትክክል ነው።

እርስዎ የወንድሟ የክርስትና አባት ነዎት፤ ማንግ ኤሜንግ የእሷ ናቸው። የአበልጄ አበልጅ አበልጄ ነው ያሉት እርስዎ ስለሆኑ ዝምድናውን እኔ አልተረጉመውም። ከዚህ ቤት ቤተሰብ አይባረርም ያሉትም እርስዎ ነዎትና፣ አበልጅዎ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አዲስ አበልጅ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ያንኑ መዶሻቸውን ይዘዋል፤ በየትኛው መስኮት እንደሚጀምሩም በስብሰባው ላይ፣ በሁላችን ፊት፣ እርስዎን ይጠይቃሉ። እሺ ቢሉ መስኮቱ ይከፈታል። እምቢ ቢሉ አበልጅዎን በአበልጆችዎ ፊት ሊያሳፍሩ ነው። ሁለቱም እንደማይመችዎ እናውቃለን፤ እኛ እንዲህ ካለው አጣብቂኝ ከገባን ቆይተናል። ክቡር አቶ ቴዎዶሪኮ፣ እንኳን ወደ ቤተሰባችን በደህና መጡ።